ሦስት ማንኪያ ስኳር

የነርስነት ተማሪዋ ቶሪካ በአፏ ምንም እንዳይገባ ለታዘዘላት ሕመምተኛ ሻይ ሰጠች። የተበላሸው ነገር ይኸው ነው። ሐሙስ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የሴቶች ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ አልጋ ቁጥር አራት። ሙሉ ስኒ ሻይ በወተት፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ከጎኑ ሁለት ደረቅ ብስኩት። ክፍሉ በሙሉ እንደ አያቱ «ቡቡ» የሚላቸው ቡቡ አሉሚታ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የቀኝ እግራቸው ትንሿ ጣት ጠቁራ በዚያው ጠዋት ልትቆረጥ ተራ ይዛ ነበር። ቶሪካ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ፈረቃ ስትረከብ ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች አንብባዋለች። ግን የሻይ ጋሪው እየተንኳኳ ሲያልፍ አሮጊቷ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ብቅ አድርገው «ልጄ፣ አፌ ደረቀ» አሉ፤ የቶሪካ እጅ ከጭንቅላቷ ቀደመ። ስምንት ዓመት በባሕር ጠረፍ ሆቴል ቁርስ ሲያቀርብ የኖረ እጅ ነው። እዚያ እንግዳ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ከጠየቀ ጥፋቱ የአስተናጋጁ ነው። «ስንት ስኳር?» አለች፤ «ሦስት» አሉ፤ ሦስት አደረገች። አማስላ፣ የስኒውን ጆሮ ወደ አሮጊቷ ቀኝ እጅ አዙራ አስቀመጠችላቸው። ስኒው ባዶ ሆኖ ሲመለስላት ነው ቀና ብላ ከአልጋው ራስ በላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «በአፍ ምንም» የሚለውን ቀይ ካርድ ያየችው።

ስኒውን ወሰደች። አጠበችው፣ አደረቀችው፣ መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ ጋር ደፋችው። ከብርድ ልብሱ ላይ የብስኩቱን ፍርፋሪ ጠረገች። ለሰባት ደቂቃ ያህል ነገሩ ከሷና ከአሮጊቷ በቀር ማንም የማያውቀው ሆኖ ቆየ፤ አሮጊቷ ደግሞ ጠግበው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከዚያ ወደ ሲስተር ፕራቲማ ጠረጴዛ ሄደች። ሲስተር ፕራቲማ የክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ከፋሲካ ወዲህ አራት ነርሶቿ ተከታትለው ወደ አውስትራሊያ ስለሄዱባት ሁለት ፈረቃ በአንድ ቀን ትሠራለች፣ ፀጉሯንም የምታበጥረው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ሲስተር፣ ቡቡ አሉሚታ ሻይ ጠጥተዋል።»

«ማን ሰጣቸው?»

«እኔ።»

«ምን ያህል?»

«ሙሉ ስኒ። በወተት።»

«ስኳርስ?»

«ሦስት።»

ሲስተር ፕራቲማ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። «ሦስት! እኔ ለባሌ እንኳ አንድ ነው የማደርግለት፤ እሱ ደግሞ ምንም የለበትም» አለችና ስልኩን አነሣች።

ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም መጥቶ ወተት ከሆነ ስድስት ሰዓት መጠበቅ አለበት አለ። ያ ማለት ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ቀዶ ሐኪሙ ግን ከዋና ከተማው ከሱቫ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው፤ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን መኪናው ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ነው የጎደለው። ቀዶ ሐኪሙ የአሮጊቷን እግር በፋሻው ጠርዝ በኩል ገልጦ አየና «ዛሬ አንድ ጣት ነበር፤ የዛሬ ሳምንት ስንት እንደሚሆን እንጃ» ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። በሆቴሉ ወጥ ቤት ሰው ሲሳሳት ዋናው አብሳይ መጥበሻ እየመታ ይጮኻል፣ እናትህን እናትሽን ይላል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ የተረፈ ኬክ አብሮ ይበላል። እዚህ ማንም አልጮኸም። ሁሉም ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ጻፈ።

ከሰዓት በፊት ያለውን ጊዜ ቶሪካ አንሶላ ስትቀይር፣ ሽንት ስትለካ፣ የሰው ጀርባ ስታገላብጥ አሳለፈች። አልጋ ቁጥር አራት አጠገብ ስትደርስ ቡቡ አሉሚታ ዓይናቸውን ገልጠው «ምሳ የለም እንዴ?» አሏት። ሻይ ጋሪ የምትገፋው ሜሬዋሌሲ የቆሸሹትን ስኒዎች ልትሰበስብ ስትመጣ ቶሪካን ማጠቢያው ጋ ያዘቻት።

«ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ? ብቻሽን ነሽ ብለሽ ነው? ሦስተኛ ነሽ እኮ። በፋሲካ ሰሞን አንዱ ተማሪ ገንፎ አብልቷል። በሰኔ ደግሞ እኔው ራሴ፣ ለዚያች ለመምህርቷ። ዘመዶቼ የይቅርታ ካቫ ይዘው ቤቷ ሄዱ፣ ተቀበሉ፣ አለቀ።»

«ታዲያ ጋሪው ለምን አሁንም በሁሉም አልጋ ያልፋል?»

«አለቆቹን ማን ነግሯቸው?» አለች ሜሬዋሌሲ፤ ስኒዎቿን ቆጥራ ሄደች።

ስምንት ሰዓት ላይ ፈረቃው ሲያልቅ ሲስተር ፕራቲማ ለሁለት የታጠፈ የጥፋት ማሳወቂያ ፎርም ሰጠቻት። «እዚህ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ነኝ። ሞልተሽ ካመጣሽው ለኮሌጅሽ እልከዋለሁ፤ ወይ ይጥሉሻል ወይ ትቀጥያለሽ፣ እሱን እኔ አላውቅም። ካላመጣሽው ‘ትምህርቷን ትታለች’ ብዬ እጽፋለሁ፤ ያኔ ማንም ምንም አይጠይቅሽም። ብዙዎቹ እንዲያ ነው የሚሄዱት።» ቶሪካ ፎርሙን ኪሷ ስትከት ሲስተር ፕራቲማ እንደገና ጠራቻት። «ደግሞ ይቅርታ እንዳትጽፊበት። እናንተ ከሆቴል የመጣችሁት ይቅርታ ታበዛላችሁ። ፎርሙ ላይ የይቅርታ ቦታ የለም።»

አውቶቡሱ መስኮት የለውም፤ ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፍቶ ከገበያው እስከ ስኳር ፋብሪካው ድረስ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ያነጥራቸዋል። የሸንኮራ ወቅት ስለሆነ መንገዱ በጭነት መኪና ተዘግቷል፣ የፋብሪካው ጥቀርሻ በነጭ ዩኒፎርሟ ትከሻ ላይ ይወርዳል። ቶሪካ ዳቦ ገዛች፣ አንድ ጣሳ ዓሣም ጨመረች፤ ዓሣው ካለፈው ሳምንት በሠላሳ ሳንቲም ጨምሯል፤ ባለሱቁ «የኔ ጥፋት አይደለም፣ የመርከቡ ነው» አላት። የሁሉም ነገር ጥፋት የመርከቡ ነው።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ግማሹ ብሎኬት ግማሹ ቆርቆሮ። በሩ በዝናብ ብዛት አብጦ ከመቃኑ ጋር ስለተጣላ የሚከፈተው በትከሻ ነው። ገፍታ ስትገባ እናቷ ኡናይሲና የእናቷ ወንድም ሞሞ ኢላይቲያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። አባቷ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት ስም ሸንጎ ፊት የሚናገሩት ሞሞ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በፋብሪካው ክሬን ያንቀሳቀሱ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ኪስ ያለውን ጥቁር የክት ግልድማቸውን፣ ሱሉን፣ አገልድመዋል፣ ሸሚዛቸውም ተተኩሷል። ፊታቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ይቅርታ ሲጠየቅ የሚቀርብና ተበጥብጦ የሚጠጣ የካቫ ሥር አለ፤ ግማሽ ኪሎ፣ ከገበያው ምርጡ፣ ስልሳ ዶላር። በወንበሩ መደገፊያ ላይ ደግሞ ጥቁሩ የአስተናጋጅ ሽርጧ ተሰቅሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋ ሥር ሣጥን ውስጥ የነበረ ሽርጥ ነው፤ አሁን ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ማሰሪያው እንኳ ተስተካክሎ ታጥፏል። ወሬው ከአውቶቡሱ ቀድሞ ደርሷል።

«የዓሣ ነባሪ ጥርሱን ላውጣ ብዬ ነበር» አሉ ሞሞ፣ ሰላም ሳይሏት። «ኋላ ሳስበው ጥርስ ለሞትና ለጋብቻ ነው፤ ለሻይ ጥርስ ካወጣን አገር ይስቅብናል። ካቫ ይበቃል። ልብስሽን ቀይሪ።»

«ሞሞ፣ ሆስፒታሉ ፎርም ሰጥቶኛል።»

«ፎርሙ ይቆያል። የአሮጊቷ ሰዎች አይቆዩም።»

እናቷ ተነሥታ ዳቦውን ከቶሪካ እጅ ተቀበለች፣ ጣሳውን አየች፣ ዋጋውን ሳትጠይቅ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ዋጋ ሳትጠይቅ መቅረቷ ነው ቶሪካን ያስፈራት። ልብስ ስትቀይር በመጋረጃው በኩል የእናቷ ድምፅ መጣ፤ «ሚስተር ዋይሳሌ ጋ ደውዬ ነበር። ቁርስ ላይ አንድ ሰው ጎድሎናል፣ ሰኞ ትምጣ ብሏል። የድሮው ፈገግታሽ ካለ ነው ያለው።» ሚስተር ዋይሳሌ የሆቴሉ የምግብ ክፍል ኃላፊ ነው።

የቡቡ አሉሚታ ልጅ ኤፔሊ ቤት ከፋብሪካው በላይ ባለው ዳገት ላይ ነው፤ አናጺ ስለሆነ መስኮቶቹ እኩል ናቸው። ሳሎኑ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ነው፤ ቴሌቪዥኑ በተጠለፈ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ግድግዳው ላይ ኤፔሊ በወጣትነቱ ራግቢ ሲጫወት የተነሣው ፎቶግራፍ አለ፣ ጥግ ላይ የዓሣ ማቀዝቀዣ ያንጎራጉራል። ወንዶቹ ከክፍሉ ላይኛው ጫፍ ተቀመጡ። ቶሪካ በሩ ሥር፣ ጫማዎቹ አጠገብ ተቀመጠች፤ በዳይ የሚቀመጥበት ቦታ እዚያ ነው። ሞሞ ጥቅሉን ከፊታቸው ገፋ አድርገው፣ ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ተክለው፣ በዝግታ ተናገሩ።

«እዚህ የመጣነው አንገታችንን ደፍተን ነው። እናታችሁ በልጃችን እጅ ተጎድተዋል። ልጅቷ ክፋት የለባትም። አስተናጋጅ ናት፣ የምታውቀው ትሪ ነው፤ የማታውቀው ቤት ዘላ ገባች። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ከእንግዲህ እናንተንም ሌላውንም አታስቸግርም፤ ሰኞ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ይህችን ትንሽ ሥር ተቀበሉንና ነገሩን ቅበሩልን።»

ቶሪካ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። አጠገቧ ከተደረደሩት ጫማዎች መካከል የኤፔሊ የሥራ ጫማ ተረከዙ ተገንጥሎ በሽቦ ታስሯል፤ እሱን እያየች ቆየች።

ኤፔሊ ጥቅሉን በእጁ ነካ፤ ሰዎቹ እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ። «ተቀብለናል» አለ። «ተቀብሯል። ከዚህ ቤት ስለ ሻይ የሚያወራ የለም፣ ሆስፒታል ሄዶ የሚከስም የለም። ከእናንተም ቤት እንደዚያው ይሁን።» ከዚያ ካቫው ተወቀጠ፣ ተበጠበጠ፣ የኮኮናት ቅሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ትከሻው ወረደ። የእነሞሞ ወገን ከደሴቶቹ ነው፣ የእነኤፔሊ ከተራራው፤ እነዚህ ሁለት ወገኖች ካልተሰዳደቡ ሰላም አልወረደም ማለት ነው።

«እናንተ የባሕር ሰዎች» አለ የኤፔሊ አጎት፣ ቅሉን እየመለሰ፤ «መርዝ አጥታችሁ በወተት ሻይ ልትገድሉን!»

«ዝም በል፣ የተራራ ሰው» አሉ ሞሞ፤ «አያትህ መጀመሪያ ሻይ ሲያቀርቡላቸው እግራቸውን ታጥበውበታል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እግር የሚለው ቃል ከማንም ጆሮ አልገባም፤ ከሁለት ሴቶች በቀር። አንዷ ቶሪካ ናት፤ ሌላዋ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቅቤ የተቀባ ብስኩት ይዛ የቆመችው የቡቡ አሉሚታ ልጅ ታይና። ታይና በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠቻት፤ ቶሪካ ተነሥታ ተከተለቻት።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው አይገባም። ታይና ትሪውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እማ ሻዩ ግሩም ነበር ትላለች» አለች። «ሦስት ወር ስኳር ከልክለናት። አንቺን መርቃ መርቃ አትጨርስም። እኔማ ‘እማ፣ ልጅቷ እኮ ሥራ አበላሸችብሽ’ ብላት፣ ‘ስለ ጣቴ አንቺን ምን አደከመሽ’ አለችኝ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ቤት እያለች ፋሻውን የምቀይርላት እኔ ነኝ። ሽታውን አልቻልኩትም። አፍንጫዬን በመሀረብ አስሬ ነው። እሷ ደግሞ ታየኛለች።»

«ቀስ በቀስ ይለመዳል።»

«አንቺ ለምደሽዋል?»

«ከባድ ነው። ግን መሀረብ አላስርም።»

ታይና ብስኩቶቹን በትሪው ላይ እንደገና ደረደረቻቸው፤ ቀድሞም ተደርድረው ነበር። ከሳሎኑ እንደገና ሳቅ መጣ።

«የሚመጣው ሐሙስ ማን ነው አጠገቧ የሚሆነው? አንቺ ትኖሪያለሽ?»

«ሞሞ አትኖርም ብለዋል። ሰምተሻል።»

«ሞሞሽን መች ጠየቅኩ?» አለች ታይና።

ቤታቸው ሲመለሱ አስር ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሞሞ ካቫው ምላሳቸውን አደንዝዞታል፣ ልባቸው ግን ቀሏል፤ ግድግዳውን ተደግፈው እግራቸውን ዘረጉ። እናቷ ዓሣውን በሽንኩርት ለማሞቅ ምድጃ ለኮሰች። ቶሪካ ከወንበሩ ላይ ሽርጡን አንሥታ ጠረጴዛው ዳር አስቀመጠችና ተቀምጣ ፎርሙን ዘረጋች። «የተፈጠረው ነገር» ይላል፤ ከሥሩ ስድስት መስመር። እስክሪብቶው ወረቀቱን እንደነካ እጇ እንደለመደው «ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» ብሎ ጻፈ። የሆቴሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለቀዘቀዘ እንቁላልም፣ ለተሰረቀ ካሜራም፣ መዋኛው ውስጥ እግሩ ለተሰበረ ሰውም ይኸው ነበር የሚጻፈው፤ ማን ምን እንዳደረገ የማይነግር፣ ማንም የማይከሰስበት ዓረፍተ ነገር። ሰረዘችው። ከሥሩ እንደገና ጀመረች።

«ሐሙስ ጠዋት 12፡30። አልጋ 4። ሕመምተኛዋ ሻይ ጠየቁ፤ ሰጠኋቸው። ሙሉ ስኒ በወተት፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት ብስኩት። በአፋቸው ምንም መውሰድ እንደሌለባቸው፣ የስኳር ሕመምተኛም እንደሆኑ አውቅ ነበር። ካርዱ የተሰቀለው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። የሻይ ጋሪው ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁትን አልጋዎችም ሳይለይ ያልፋል። በዚህ ዓመት እንዲህ ሲሆን ይህ ሦስተኛው ነው፤ የፊተኞቹ አልተጻፉም። ስኒውን አጥቤ መደርደሪያ ላይ መልሼዋለሁ። ለሲስተር የተናገርኩት ከሰባት ደቂቃ በኋላ ነው።»

ስድስቱ መስመር ስላልበቃት ወደ ኅዳጉ ወጥታ ጻፈች። ስትጨርስ እናቷ ከኋላዋ ቆማለች፤ ጭልፋው በእጇ ነው።

«ስኒውን ለምን ጻፍሽው?» አለች እናቷ በዝቅታ። «ማን አይቶሻል?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል፣ እማ?»

ሞሞ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምንድን ነው የምትጽፊው?»

«የዛሬውን ሻይ።»

«ተቀብሯል።»

«ሰምቻለሁ፣ ሞሞ።»

«ሰምተሻል! ስልሳ ዶላር አውጥቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ በልጅ ፊት ተንበርክኬ፣ ስምሽን አጥቤ አመጣሁልሽ። ሰዎቹ ‘ከእናንተም ቤት እንደዚያው ይሁን’ ሲሉ ጆሮሽ የት ነበር? የተቀበረ የሚቆፍር ውሻ ነው፣ ቶሪካ። ነገ የወረቀቱን ነገር ኤፔሊ ቢሰማ ምን እለዋለሁ? ሰኞ ሆቴል ትገባለች ብዬ የተናገርኩትን አፌን የት ላድርገው?»

ቶሪካ ፎርሙን ለሁለት አጠፈች። የምትለው ብዙ ነበር። ስለ ጋሪው፣ ስለ ገንፎው፣ ስለ ሰኔዋ መምህርት ልትናገር ትችል ነበር፤ ግን ሞሞ ዛሬ ያደረጉት ለእሷ ብለው ነው፣ በሚያውቁት መንገድ፣ በደህና ሸሚዛቸው። «እርስዎ የተናገሩት ለእነሱ ነው፣ ሞሞ» አለች። «ካቫው የእርስዎ ነው፣ ይቅርታውም ደርሷል፤ አላነሣውም። ይኼ የኔ ሥራ ነው። ሰኞ ሆቴል አልገባም። ኤፔሊ ቢጠይቅዎት ‘እምቢ አለችኝ’ ይበሉት። እውነት ነው።»

«ይጥሉሻል እኮ» አለች እናቷ።

«ሊጥሉኝ ይችላሉ።»

ምድጃው ላይ ዓሣው ማረር ጀመረ፤ ማንም አልተነሣም። ሞሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ከሳቸው ቃል አይወጣም፣ ምናልባትም እስከ ገና ድረስ። እናቷ ጭልፋውን አስቀምጣ ሽርጡን ከጠረጴዛው ዳር አነሣች። ወደ ሣጥኑ ትመልሰው ይሆናል ብላ ቶሪካ ጠበቀች። እናቷ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፤ ያልተጨማደደውን ጨርቅ በመዳፏ እየደጋገመች ታለሰልሰው ጀመር።

አስራ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። አውቶቡሱ ካልዘገየ ሲስተር ፕራቲማ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቶሪካ ነጭ ዩኒፎርሟን መልሳ ለበሰች፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጥቀርሻ በእጇ አራገፈች፤ ጥቀርሻው ተለቀለቀ እንጂ አልለቀቀም። ለአውቶቡስ ሳንቲም ያዘች፣ ፎርሙን ደረት ኪሷ ከተተች። «መጣሁ» አለች። ማንም «በይ» አላላትም። በሆቴሉ ስምንት ዓመት በር ያለ ድምፅ መዝጋትን ተምራለች፤ እጀታውን እስከ መጨረሻው ይዞ፣ እንግዳው መውጣትህን እንኳ ሳያውቅ። የእናቷ በር ግን አብጧል፤ ተይዞ አይዘጋም። ወጣችና እጀታውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ፣ ስባ ዘጋችው።